ኦዲፐስ ምን አጠፋ? (ስለ ጥንት ግሪኮች ትራጄዲ ሥርዓትና ቃላት)

በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ጥንት ግሪኮች ትራጄዲ ጥቂት ቃል ለመናገር ነው። ጉዳዩ ሰፊ ነው፤ የተሰጠን ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ሁሉን ለመንካት አንሞክርም። አንድ ጥያቄ መርጠናል፤ እርሱም፥ ኦዲፐስ ምን አጠፋ? የሚለው ነው።

የሶፎክለስን «ኦዲፐስ ንጉሥ» ያነበበ ሰው ይህን ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ትዕቢተኛ ነበረ፤ አማልክቱን ደፈረ፤ የኃጢአቱን ዋጋ አገኘ፤ ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። እኛ ግን ልክ አይደለም እንላለን። ይህም የሚመጣው ከአንባቢው ስንፍና ብቻ ሳይሆን ከቃላቱ ጭምር ነው። የትራጄዲ ቃላት ብዙዎቹ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዶች አይደሉም። በአክሱም መንግሥት ዘመን ግሪክኛ የታወቀ ቋንቋ ነበረ፤ ንጉሥ ኢዛና ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ያስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ በግዕዝም በግሪክኛም ይገኛል። ቅዱሳት መጻሕፍትም ወደ ግዕዝ በተመለሱ ጊዜ በአብዛኛው የተተረጐሙት ከግሪክኛ ነው። እንግዲህ የአቴና ቴያትር ይጠቀምባቸው የነበሩ አያሌ ቃላት በመጻሕፍት በኩል ሌላ ልብስ ለብሰው ከቤታችን ገብተዋል። የሚያስቱንም የምናውቃቸው ስለሚመስለን ነው።

1ኛ፤ ስለ በዓሉና ስለ ቦታው

ትራጄዲ የሚለው ቃል ሲፈታ «የፍየል ዘፈን» ማለት ነው። ይህ ስም ለምን እንደ ተሰጠው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኛ ከክርክሩ አንገባም። የታወቀው ነገር፥ በአቴና ከተማ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ ዲዮኒሶስ ለሚባለው የወይን አምላክ ታላቅ በዓል ይደረግ እንደ ነበረና ትራጄዲም የበዓሉ ክፍል እንደ ነበረ ነው። በበዓሉ ሦስት ባለቅኔዎች ይወዳደራሉ። እያንዳንዱ ሦስት ትራጄዲ፥ በመጨረሻም ሳቲር የሚባል አንድ የሣቅ ጨዋታ ያቀርባል። ዳኞችም አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ ብለው ይፈርዳሉ። በዚህ ሁኔታ ከተጻፉት እጅግ ብዙ ትራጄዲዎች ውስጥ ሙሉ ሆነው የደረሱን ጥቂት ናቸው። በኤስኪለስ ስም 7፥ በሶፎክለስ ስም 7፥ በዩሪፒደስ ስም 19 ይገኛሉ፤ ከዩሪፒደስም አንዱ ሳቲር ነው።

የመዘምራኑን ወጪ የሚችለው ከከተማው ባለጸጎች አንዱ ነበረ። ባለጸጋው ለሕዝብ የሚያደርገው ይህ አገልግሎት «ሊቱርጊያ» ይባል ነበር። በኋላ ዘመን ግሪኮች ክርስቲያኖች ሲሆኑ ቅዳሴን የጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ዓመት የኤስኪለስ «ፋርሶች» በታየ ጊዜ ወጪውን የቻለው፥ በኋላ ስመ ጥር የአቴና መሪ የሆነው ወጣቱ ፔሪክለስ ነበረ። (ከዚህ ወዲያ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።)

ሕዝቡ የሚቀመጥበት የተራራ ጥግ «ቴያትሮን» ይባላል፤ ማያ ቦታ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሜዳ «ኦርኬስትራ» ነው፤ ዛሬ ቃሉ ለሙዚቀኞች ጓድ ቢሰጥም የያኔው ፍች መጨፈሪያ ማለት ነበረ። ከሜዳው ጀርባ የቆመው ቤት «ስኬኔ» ይባላል፤ ይኸውም ድንኳን ማለት ነው። በግሪክኛው ኦሪት የሙሴ የመገናኛ ድንኳን የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። ተዋንያን ጭምብላቸውን የሚለውጡት ከዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ ለተመልካቹም ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሥ ግቢ ሆኖ ይታያል።

2ኛ፤ ስለ መዘምራኑና ስለ ተዋንያኑ

በትራጄዲ የመዘምራኑ ጓድ «ኮሮስ» ይባላል። ቁጥራቸው በመጀመሪያ 12 ነበረ፤ ሶፎክለስ 15 አደረጋቸው። እነዚህ ሰዎች ከከተማው ዜጎች የተውጣጡ እንጂ በሙያው የሚተዳደሩ አልነበሩም። አንድ ጊዜ የአገር ሽማግሎች፥ አንድ ጊዜ ጐረቤት ሴቶች፥ አንድ ጊዜ ምርኮኞች ይሆናሉ። ሲዘምሩም ሲጨፍሩም በመካከሉ ከተዋንያኑ ጋራ ይነጋገራሉ። ብዙ ሰው ኮሮስ የሚናገረው ሁሉ የባለቅኔው አሳብ ይመስለዋል፤ ይህ ግን አይደለም። ኮሮስም እንደ ማንኛውም ሰው ይፈራል፥ ያመነታል፥ አንዳንድ ጊዜም ነገሩን ፈጽሞ ይስተዋል።

ተዋናይ በመጀመሪያ አንድ ብቻ ነበረ። አሪስቶትል እንደሚነግረን ሁለተኛውን የጨመረ ኤስኪለስ፥ ሦስተኛውን የጨመረ ሶፎክለስ ነው። ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም ጭምብል ያደርጉ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ጭምብሉን እየለወጠ በአንድ ትራጄዲ ውስጥ ንግሥትም፥ መልእክተኛም፥ እረኛም ሊሆን ይችላል።

ለተዋናይ የተሰጠው ስም «ሂፖክሪቴስ» ነው፤ «መላሽ» ወይም «ተርጓሚ» ማለት ነው ይላሉ። እንግዲህ ልብ እንበል! በአማርኛው ወንጌል «ግብዞች» ተብሎ የተጻፈው በግሪክኛው ይኸው ቃል ነው። ግብዝ ማለት የራሱ ያልሆነ ፊት የለበሰ ሰው ነውና ምሳሌው ይስማማል። ነገር ግን በሶፎክለስ ዘመን ሂፖክሪቴስ የተባለ ሰው እንደ ተሰደበ አይቈጥረውም ነበር፤ የተነገረው የሥራው ስም ነው። በኋላ የተጫነውን ትርጉም ወደ ኋላ ወስደን ብንለጥፍበት የአቴናን ተዋናይ ሁሉ አስመሳይ እናደርገዋለን። ይህ ቀላል ምሳሌ ነው፤ ከባዱ ወደ ፊት ይመጣል።

3ኛ፤ ስለ ትራጄዲው አሠራር

መዘምራኑ ከመግባታቸው በፊት የሚነገረው ክፍል «ፕሮሎጎስ» ይባላል። መዘምራኑ እየዘመሩ ሲገቡ «ፓሮዶስ» ነው። ከዚያ በኋላ ተዋንያኑ የሚነጋገሩበት «ኤፔይሶዲዮን» እና መዘምራኑ የሚዘምሩበት «ስታሲሞን» እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ክፍል «ኤክሶዶስ» ነው፤ መውጫ ማለት ነው። ኦሪት ዘጸአት በግሪክኛ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ሁለት ሰዎች በጥል ወይም በምርመራ ሲፋጠጡ እያንዳንዱ አንዳንድ መስመር ብቻ እየተናገረ ይመላለሳሉ። ይህ «ስቲኮሚቲያ» ይባላል፤ ለእኛ «በላ ልበልሃ» የሚለውን የቀድሞ ሙግት ያስታውሰናል። ኀዘን ሲመጣ ደግሞ ተዋናዩና መዘምራኑ እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ፤ ይህም «ኮሞስ» ይባላል፥ ቃሉም መምታት ከሚለው የወጣ ነው። አልቃሽ ግጥም ስታወርድና ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ሲቀበላት ያየ ሰው ኮሞስ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም።

ግድያ ብዙውን ጊዜ በተመልካች ፊት አይደረግም። ከቤት ውስጥ ጩኸት ይሰማል፤ ወይም አንድ መልእክተኛ መጥቶ የሆነውን ሁሉ ይተርካል። መልእክተኛው «አንጌሎስ» ይባላል፤ መልአክ የምንለው ማለት ነው። የግዕዙም ቃል ቢሆን «ለአከ» ከሚለው ወጥቶ መጀመሪያ «የተላከ» ማለት ነውና በዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። ሬሳ ማሳየት ሲያስፈልግ ደግሞ «ኤኪክሌማ» የተባለ ባለ መንኰራኵር አልጋ ከቤት ውስጥ ተገፍቶ ይወጣል። አምላክ ከላይ ሲመጣ የሚያወርደው ማንሻ «ሜካኔ» ይባላል፤ ዛሬ መኪና የምንለው ቃል በላቲንና በጣሊያንኛ በኩል የመጣው ከዚሁ ነው። በ431 ዓመት በታየው «ሜዴያ» ዩሪፒደስ ባለታሪኳን ልጆቿን ከገደለች በኋላ በፀሐይ ሠረገላ አሳርጓታል፤ አሪስቶትልም ይህን አጨራረስ ነቅፎታል። በዚያ ዓመት ውድድር ዩሪፒደስ ሦስተኛ፥ ማለት መጨረሻ ወጣ።

ተመልካቹ ታሪኩን አስቀድሞ ያውቃል፤ እኛ የዮሴፍን ታሪክ እንደምናውቅ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው ምን ይሆን ይሆን? ብሎ አይደለም። ኦዲፐስ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የቀድሞውን ንጉሥ የላዮስን ገዳይ ሲረግም፥ ለሟቹም እንደ ገዛ አባቱ ሊሟገትለት ሲምል፥ እርሱ የሚያውቀው ሰሙን ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ወርቁን ይሰማል። ሌላው ዓለም የትራጄዲ ምጸት የሚለውን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ ለቅኔ አገር ሰው ግን ይህ አንድ ቃል ይበቃል። ልዩነቱ፥ በቅኔ ባለቅኔው ወርቁን ያውቃል፤ በትራጄዲ ግን ተናጋሪው ራሱ አያውቀውም።

4ኛ፤ ስለ ሐማርትያ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አሪስቶትል (ከ384 እስከ 322) ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ ጥሩ ትራጄዲ ሁለት ነገር እንዲኖረው ይፈልጋል። አንደኛው «ፔሪፔቴያ» ነው፤ ነገሩ ከታሰበው ወደ ተቃራኒው መገልበጡ ነው። ሁለተኛው «አናግኖሪሲስ» ነው፤ ካለማወቅ ወደ ማወቅ መሸጋገር ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምሳሌውም ኦዲፐስ ነው። ከቆሮንቶስ የመጣው ሰው ኦዲፐስን ከፍርሃቱ ሊያሳርፈው ብሎ፥ ያሳደጉህ ወላጆች የወለዱህ አይደሉም፤ ይለዋል። ያሳርፈኛል ያለው ቃል ግን ኦዲፐስን ያጠፋዋል።

እንደዚህ ያለ መውደቅ በማን ላይ ሲደርስ ነው ትራጄዲ የሚሆነው? አሪስቶትል ሲመልስ፥ ፍጹም ደግ ሰው ያለ ምክንያት ቢወድቅ ያስቀይማል፤ ክፉ ሰው ቢወድቅ ደግሞ ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ አያሳዝንም ይላል። የሚቀረው በመካከል ያለ፥ እኛን የመሰለ ሰው ነው፤ የሚወድቀውም በክፋት ሳይሆን በ«ሐማርትያ» ነው።

ይህ ቃል በግሪክኛው ወንጌል ኃጢአት ለምንለው የቆመ ቃል ነው። ስለዚህ ብዙዎች የኦዲፐስ ኃጢአቱ ምንድን ነው? ብለው ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሲያጡም ትዕቢት ይሉታል። ነገር ግን የቃሉ መሠረት ከቀስት ጋራ የተያያዘ ነው፤ ዒላማን መሳት ማለት ነው። የእኛም ቃል ቢመረመር የሚነግረን ይህንኑ ነው። ኃጢአት የወጣው ኀጥአ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ የግሡም ፍች በደለ ብቻ ሳይሆን አጣ፥ ሳያገኝ ቀረ ጭምር ነው። አማርኛው «አጣ» የተወለደው ከዚሁ ነው። ስሕተትም እንዲሁ ሳተ ከሚለው ጋራ አንድ ነው፤ ዒላማ ሳተ፥ መንገድ ሳተ እንላለን። አሪስቶትል በሌላው መጽሐፉ፥ በሥነ ምግባሩ፥ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲለይ ማንም ሊገምተው የማይችለውን አደጋ፥ ባለማወቅ የተሠራውን ስሕተትና እያወቁ የሚሠራውን በደል ለየብቻ ያስቀምጣል። የሐማርትያ ወንድም የሆነውን ቃል የሰጠው ለመካከለኛው ነው።

አሁን ኦዲፐስን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ገና በወጣትነቱ አባቱን እንደሚገድል፥ እናቱን እንደሚያገባ በዴልፊ ተነገረው። ወላጆቼ ናቸው ብሎ ያመነው በቆሮንቶስ ያሳደጉትን ነው። ስለዚህ እንዳይጎዳቸው ብሎ አገሩን፥ ቤቱን፥ አልጋ ወራሽነቱን ትቶ ሸሸ። ያነጣጠረው ከአባቱ ለመራቅ ነበረ፤ በሦስት መንገድ መገናኛ ላይ የደረሰው ግን ከአባቱ ዘንድ ነው። ዒላማ መሳት ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ቁጡ አይደለምን? ትሉን ይሆናል። አዎን፥ ቁጡ ነው። ዕውሩን ነቢይ ቲሬስያስን ይሰድባል፤ ክሬዎንን ያለ ማስረጃ ይከሳል። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያደርገው አባቱን ከገደለና እናቱን ካገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ትንቢቱም ለላዮስ የተነገረው ልጁ ሳይወለድ ነው። ሳይወለድ የተነገረ ነገር ሰውዬው ጎልምሶ ስለ ተቈጣ የመጣ ቅጣት ሊሆን አይችልም። በመንገዱ መገናኛስ? ትሉ ይሆናል። ለዚህ ሶፎክለስ ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። ባለቅኔው ከሞተ በኋላ በ401 ዓመት በታየው «ኦዲፐስ በኮሎኖስ» ሽማግሌው ኦዲፐስ፥ የመቱኝ እነርሱ ናቸው፤ ማን እንደ ሆኑም አላውቅም ነበር፤ በሕግ ፊት ንጹሕ ነኝ፤ ብሎ ይሟገታል።

ትዕቢት ብለን የምንተረጕመው «ሁብሪስ» የሚለው ቃልም ቢሆን በአቴና የልብ ኩራት ስም ብቻ አልነበረም። ሰውን ለማዋረድ ብሎ መምታት፥ መስደብ፥ ክብሩን መግፈፍ ነው፤ በፍርድ ቤት ያስከስስ ነበር፥ የተደረገው በባሪያ ላይ እንኳ ቢሆን። እንግዲህ «መድፈር» ብንለው ከትዕቢት ይልቅ ይቀርባል።

ፍርዱን የሚዘጋው ግን አንድ ሌላ ቃል ነው። ትራጄዲ የሚያነሣሣው ፍርሃትና «ኤሌዎስ» ነው ይላል አሪስቶትል። ኤሌዎስ ኀዘኔታ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን «ኪርያላይሶን» ሲባል የምንሰማው ቃል ነው። አሪስቶትልም ኤሌዎስ የሚሰማን ሳይገባው ለሚሠቃይ ሰው ነው፤ ፍርሃትም እኛን ለሚመስል ሰው ነው ይላል። እንግዲህ ኦዲፐስ የሚገባውን ካገኘ የምናዝንለት ስለ ምንድን ነው? እርሱ ትዕቢተኛ፥ እኛ ትሑታን ከሆንንስ የምንፈራው ስለ ምንድን ነው? «የኃጢአቱን ዋጋ አገኘ» የሚለው መልስ ኀዘኔታውንም ፍርሃቱንም ይዞ ይሄዳል። የሚተወው ተግሣጽ ብቻ ነው።

ከኀዘኔታውና ከፍርሃቱ የሚመጣው «ካታርሲስ» ነው። አንዳንዱ ሊቅ ማንጻት ነው፥ እንደ ጠበል፤ ይላል። ሌላው እንደ ኮሶ ያለ የሐኪም ማስወገጃ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የልቡና ማስተዋል ነው ይላል። ክርክሩ አላለቀም። ልቅሶ ቤት ሄዶ ከልቡ አልቅሶ ቀሎት የተመለሰ ሰው ግን ከነገሩ አጠገብ ደርሷል።

5ኛ፤ የሚቀርቡብን መከራከሪያዎች

ሐማርትያ ሁሉ ንጹሕ አለማወቅ ነው አንልም። በ«አንቲጎኔ» ክሬዎን የፖሊኔይኬስ ሬሳ እንዳይቀበር ሲያዝ ነቢዩም፥ ልጁም ይመክሩታል፤ አልሰማም ይላል። በመጨረሻ ሲነቃ ጊዜው አልፏል፤ አንቲጎኔ ታንቃ ትሞታለች፤ ልጁና ሚስቱም ራሳቸውን ይገድላሉ። ያን ጊዜ የሐማርትያ ቤተ ሰብ የሆነውን ቃል በገዛ ራሱ ላይ ይናገራል። የእርሱ መሳት የግትርነት መሳት ነውና ከወቀሳ አያመልጥም። ይሁን እንጂ እርሱም ያነጣጠረው ከተማውን ለማጽናት ነበረ። ሜዴያ ግን በዚህ ሚዛን አትመዘንም፤ የምታደርገውን እያወቀች ታደርጋለች። ይህም የሚያስረዳን፥ አሪስቶትል ትራጄዲዎቹ ከተጻፉ በኋላ የመጣ አንባቢ እንጂ ለባለቅኔዎቹ ሕግ አውጪ እንዳልነበረ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በ480 ዓመት ፋርሶች አቴናን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት በሳላሚስ ባሕር ድል ሆኑ። ከስምንት ዓመት በኋላ ኤስኪለስ፥ ራሱ በማራቶን የተዋጋው ሰው፥ በ«ፋርሶች» ላይ ያለቀሱትን የጠላትን ንጉሥ እናትና ሽማግሎች አሳየ። ከተማቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ተቀምጠው የጠላትን ሙሾ ሰሙ፤ ሽልማቱንም ሰጡት። ኤሌዎስ ማለት እንግዲህ እንደዚህ ያለ ትምህርት ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቻችን፤

ይህን ሁሉ የተናገርነው ስለ ቃላት ለመጨቃጨቅ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ነገ እነዚህን ትራጄዲዎች ወደ አማርኛ የሚመልሱ ይነሣሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እነዚያ ሰዎች ሐማርትያን ኃጢአት ብለው ከጻፉት ተመልካቹ ኦዲፐስን ገና ሳያየው ይፈርድበታል። ስሕተት ቢሉት፥ ስሕተትም ዒላማ መሳት መሆኑ እንዲሰማ አድርገው ቢጽፉት፥ ተመልካቹ ቈይቶ ያየዋል።

«የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። ሰው ሲወድቅ ስናይ፥ ምን አድርጎ ይሆን? ብለን መጠየቅ ይቀናናል፤ የኢዮብ ወዳጆችም የጠየቁት ይህንኑ ነበረ። አጥፍቶ ነው ብለን ስንጨርስ እኛ ከአደጋው የወጣን ይመስለናል። የአቴና ሰዎች ግን በየዓመቱ በመጋቢት ገደማ ከተራራው ጥግ ተቀምጠው፥ በቅን ልብ ያነጣጠረ ሰው እንዴት እንደሚስት ያዩ ነበር፤ ምሣራቸውንም ከቤት ትተው ይመጡ ነበር። ኦዲፐስን ስናነብ እኛም እንዲሁ እናድርግ።